ጥጋቡ ወንዴ፣ አንደኛ ለ

በ2074 ዓ.ም. የነሐሴ የመጨረሻ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጥጋቡ ወንዴ ቤተሰብ የምደባ ውጤት ደረሰ። ያነበበው የወጥ ቤቱ ግድግዳ ነው። ማንም አንብብ አላለውም፤ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ነገር ሲሆን ግን ግድግዳው ሳይጠየቅ ያነባል፣ ድምፁንም ከፍ ያደርጋል።

«ምዕራፍ ጥጋቡ፣ ዕድሜ አሥራ አንድ፣ ስድስተኛ ክፍል። ወይዘሮ እልፍነሽ ደምሴ፣ ዕድሜ አርባ አንድ፣ ስምንተኛ ክፍል። አቶ ጥጋቡ ወንዴ፣ ዕድሜ አርባ ሰባት…» ግድግዳው እዚህ ላይ ትንሽ ዘገየ። እልፍነሽ በኋላ ለሰው ስታወራው «አፍሮ ነው» ትላለች። «አንደኛ ክፍል፣ ምድብ ለ።»

ጥጋቡ እንቁላል በዳቦ ይዞ ወደ አፉ እየወሰደ ነበር።

«ድገመው» አለ።

ግድግዳው ደገመው።

«ለ?» አለ ጥጋቡ። አንደኛ ክፍል መባሉ ገና አልገባውም። መጀመሪያ የቆጨው ሀ አለመባሉ ነው።

በጥጋቡ አያት ዘመን ትምህርት ቤት ሲገባ የሚፈተነው ልጁ ብቻ ነበር ይባላል። ከዚያ ወላጅን ማነጋገር መጣ፤ ቀጥሎ ወላጅን መፈተን፤ አሁን ደግሞ ዓለም አቀፍ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በሙሉ የሚቀበሉት ልጅን ሳይሆን ቤትን ነው። ቤቱ በሙሉ ይመዘናል፣ ቤቱ በሙሉ ክፍል ይመደብለታል። ከላያቸው ያሉት ጎረቤቶች ውሻቸው መዋዕለ ሕጻናት ተመድቧል እየተባለ በፎቁ ሁሉ ይወራ ነበር፤ ይህ ግን አልተረጋገጠም።

የምዕራፍ ትምህርት ቤት ሰባት ኮረብታ ይባላል። ለሰፈሩ ልጆች በዓመት አራት ቦታ በዕጣ ያወጣል፤ ዘንድሮ አንዱ ለእሷ ደረሰ። ዕጣው የወጣ ዕለት እልፍነሽ ሆስፒታል ውስጥ የሰው ክንድ እያሰረች ነበር፤ እልል ስትል በሽተኛው የተሻለው መስሎት ተነሣ።

መመሪያው ግን ግልጽ ነበር። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ተማሪ በቤቱ ካለው ዝቅተኛ ተመዳቢ ከሁለት ክፍል በላይ ርቆ መቀመጥ አይችልም። ጥጋቡ አንደኛ ክፍል ከሆነ ምዕራፍ ከሦስተኛ አታልፍም። አንቀጽ አሥር፦ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከአምስተኛ በታች አይመደብም። ሁለቱ አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ ምዕራፍ ቦታ የላትም ማለት ነው። አባቷ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሦስተኛ ክፍል ከደረሰ ልጅቷ አምስተኛ፣ አራተኛ ከደረሰ ደግሞ ስድስተኛ ትሆናለች። እስከዚያ ድረስ ለጊዜው ስድስተኛ ትቀመጣለች፤ እሱም ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይማራል።

ጥጋቡ በማግስቱ ወደ ምዝገባ ክፍል ሄደ። የምዝገባ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሐረገወይን ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰው ሲቆጣባቸው ይበልጥ ድምፃቸው ይለሰልሳል።

«ስህተት አለ» አለ ጥጋቡ። «እኔ ደቡብ መናኸሪያ ሀያ ሁለት ዓመት የመረጃ መስኮት ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ መመለስ ነው።»

«እሱን አይተናል። ስድሳ አራት ጥያቄ ቀርቦልዎት ስድሳ አራቱንም መልሰዋል።»

«ታዲያ!»

«አሥራ አንዱ መልስ የሌላቸው ነበሩ።»

ጥጋቡ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ለምሳሌ ጥያቄ ሀያ ሦስት» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን፤ «ከጀርባዎ ባለው ክፍል ስንት ሰው አለ ይላል። ዘጠኝ ብለዋል።»

«ስንት ነበሩ?»

«ከጀርባዎ ክፍል የለም። አስፋልት ነው።»

«መንገድ ላይ ዘጠኝ ሰው አይጠፋም» አለ ጥጋቡ።

«ጥያቄ አርባ። ሊዘንብ ሲል መሬት ለምን ይሸታል? "የመሬት ልማድ ነው" ብለዋል።»

«እና አይደለም?»

ወይዘሮ ሐረገወይን ከመሳቢያቸው ሰማያዊ ሹራብ አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡት። ትልቁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልክ ነው፤ እጅጌው ክርኑን ትንሽ አልፎ ቆመ።

ለነገሩ ጥጋቡ በተፈጥሮው ውሸታም ሰው አልነበረም። ነገሩ የሥራው ነው። በዚያ ዘመን ቦታ ሁሉ በቁጥር ይጠራል፤ አውቶቡሶቹም ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቁት። ሽማግሌና አሮጊት ግን ቁጥር አያውቁም፤ የሚያውቁት ስም ነው። ስለዚህ መናኸሪያው አንድ ሰው በመስኮት አስቀምጧል፤ ስም ሰምቶ ወደ ቁጥር የሚመልስ። ገና ሲቀጠር አለቃው አንድ ነገር ብቻ ነበር የነገረው፦ «ሰው መስኮቱ ጋ ደርሶ ባዶ እጁን አይመለስ።» ጥጋቡም ሀያ ሁለት ዓመት ማንንም ባዶ እጁን አልመለሰም። የሚያውቀውን በልበ ሙሉነት ይናገራል፤ የማያውቀውን ደግሞ ከዚያ በበለጠ ልበ ሙሉነት።

አንደኛ ለ ውስጥ ሀያ አንድ የስድስት ዓመት ልጆችና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ትልቅ ሰው ስለ ልጅ ልጃቸው ሲሉ የሚማሩ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው፤ አንደኛ ክፍልን ሲደግሙ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። በኋላ ወንበር እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ፤ መምህርቷ ስትጠይቃቸው «መዝገቡን መርምሬ እመለሳለሁ» ይላሉ።

በትምህርት ቤቱ ደንብ ክፍል ውስጥ አንቱታ የለም። የጥጋቡ ወንበር ተጋሪ ኪያ የምትባል፣ ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት። እሷም ደንቡንና አስተዳደጓን አስታርቃ «ጋሼ ጥጋቡ፣ አንተ» ትለዋለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ ጉንዳን ሊያይ ወደ ግቢ ወጣ።

«ምን ታያላችሁ?» አለች መምህርቷ።

የጥጋቡ እጅ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። «ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው። ፊት ያለው መሪያቸው ነው። ኋላ የቀረ ይቀጣል።»

ኪያ በሆዷ ተኝታ አፍንጫዋን መሬት ልታስነካ ደርሳለች። «የቱ ነው መሪው?»

«ፊተኛው።»

«ፊተኛው ዞሮ ሄደ።»

«ሌላ ተሹሟል» አለ ጥጋቡ።

ኪያ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ስማቸውንስ ታውቃለህ?»

ጥጋቡ በኋላ እንደተናዘዘው፣ ለትንሽ ነው ስም ሳይሰጣቸው የቀረው።

የዚያን ዕለት የመገናኛ ደብተሩ ላይ ተጽፎ መጣ፦ «ጥጋቡ ንቁና ተሳታፊ ነው። ሆኖም ያላየውን ይናገራል። ቤተሰብ ክትትል እንዲያደርግ ይሁን።» ደብተሩ ላይ መፈረም ያለበት በቤቱ ከፍ ያለ ምደባ ያለው ሰው ነው። እልፍነሽ ተረኛ ስለነበረች ነገሩ ለምዕራፍ ወደቀ። ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አባቷን አየችው፤ «አይተነዋል፤ እንመክረዋለን» ብላ ጽፋ ፈረመች።

«ምከሪኝ እንግዲህ» አለ ጥጋቡ፤ ተቀይሟል።

«አባዬ፣ ሌሎቹ እስኪያዩ ትንሽ ጠብቅ።»

«እኔ ካወቅኩ ለምን ይጠብቃሉ?»

ምዕራፍ ደብተሩን ዘግታ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት።

በጥቅምት አጋማሽ የግማሽ መንፈቅ ምዘና ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ዳኛው ጥጋቡን ወደ ውሃ ቧንቧው ጠጋ አድርገው በሹክሹክታ ምስጢሩን ነገሩት።

«ደረስኩበት» አሉ። «መልስ አይደለም የሚፈልጉት። የሚፈልጉት አላውቅም የሚል ሰው ነው። ለሁሉም አላውቅም በል።»

«እርስዎ ለምን አላሉም ታዲያ?»

«እኔ ዳኛ ነኝ» አሉ ዳኛው። «አንደበቴ እምቢ ይለኛል።»

ጥጋቡ ምክሩን ተቀበለ። ቅዳሜና እሑድ መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደ፤ አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ «አላውቅም» ይላል። እልፍነሽ ሻይ ስኳር እንዳለው ብትጠይቀው «አላውቅም» አላት። ሰኞ በመዘኛው ወንበር ተቀመጠ፤ ከጣሪያው ለሚመጣው ድምፅ ሁሉ ያንኑ እየመለሰ በስምንት ደቂቃ ጨርሶ እያፏጨ ወጣ።

ወይዘሮ ሐረገወይን በማግስቱ ጠሩት።

«አቶ ጥጋቡ፣ ስምዎን ሲጠየቁ አላውቅም ብለዋል።»

«ለሁሉም ነው ያልኩት።»

«ልጅ አለዎት ወይ ለሚለውም።»

ጥጋቡ አጭሩን የሹራቡን እጅጌ ወደ ታች ሳበ።

«መዋዕለ ሕጻናት፣ ዕድገት ሁለት» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ።

እንግዲህ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ሰው በጥቅምት ወደ ታች ወረደ። በመዋዕለ ሕጻናት ጠዋት በመዝሙር ይጀመራል፤ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ እንቅልፍ። በቀጭን ፍራሽ ላይ ከአሥራ አራት ሕጻናት ጋር በሰልፍ ይተኛል፤ እግሩ ወደ መተላለፊያው ይወጣል። በእንቅልፍ ከክፍሉ አንደኛ እሱ ነበር። ደብተሩ ላይ ያገኘው ብቸኛ ምስጋናም ይኸው ነው፦ «ጥጋቡ በጥሩ ሁኔታ ይተኛል።»

ቤት ግን ሳቅ አልነበረም። እልፍነሽ ለሦስት ቀን አላናገረችውም፤ ባናገረችው ጊዜም «ልጅ የለኝም አልክ?» ብቻ ነው ያለችው። ምዕራፍ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሹራቧን ቁልፎች እየነካካች መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ ልመለስ።»

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም። እዚያ እንደሆነ አንተም አትቸገርም።»

«እዚህ አይሻልሽም?»

ጥያቄው እንደ ወትሮው ራሱ ሊመልሰው የጠየቀው ነበር፤ ጥጋቡ «ይሻልሻል» ሊል አፉን ከፍቷል። ምዕራፍ ግን በጣም ፈጥና «ይሻለኛል» አለችና ዓይኗ ሞላ። ጥጋቡ አፉን ዘጋ።

«ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አለ።

«ጠይቀኸኝ አታውቅም እኮ።»

እውነቷን ነው። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ስለ ስድስተኛ ክፍል ሲነግራት የነበረው እሱ ነው፤ ምን እንደሚከብድ፣ ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለባት፣ የሒሳብ መምህሯ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ። የሒሳብ መምህሯን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም።

«አሁን ጠየቅኩሽ» አለ።

ምዕራፍ ተቀመጠች። ስለ መሬት ትል አወራችው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አፈር አድርገው፣ ትሉን ከተው፣ በየቀኑ መንገዱን በቀለም ይሥላሉ። የእሷ ትል ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል። ለምን ወደ ግራ እንደሚሄድ መምህሩም አያውቀውም፤ ሣጥኑን አዙረው አይተዋል፣ መብራቱን አዙረው አይተዋል። ጥጋቡ ሦስት ጊዜ መልሱ ምላሱ ላይ መጣ። ሦስት ጊዜ ዋጠው። በመጨረሻ «ሌላ ትል ብትጨምሩበትስ?» አለ። ምዕራፍ ብድግ ብላ አየችው፤ ከዚያ ማስታወሻዋን ልታመጣ ሮጠች።

በኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ጥጋቡ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። አንዲት አሮጊት በሁለት እጃቸው ከረጢት አቅፈው መጡ፤ አዛለች ይባላሉ። ጥጋቡ አላስታወሳቸውም። እሳቸው ግን አስታወሱት።

«ልጄ፣ ባለፈው ወር ጭሮ የላክኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ጭሮ?»

«እኔ ጨርጮ ነበር ያልኩህ። ወንድሜ ዘንድ። አንተ በሉ ይግቡ ብለህ በአውቶቡሱ ላክኸኝ፤ ጭሮ አደረሰኝ።»

ጥጋቡ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «ምን አደረጉ እማማ?»

«ምን አደርጋለሁ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ሠርግ ላይ ደረስኩ፤ የሙሽራይቱ አክስት መስዬአቸው መሰለኝ ፊት አስቀመጡኝ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ወንድሜ ግን ታሞ ነው የጠራኝ። አሁን ጨርጮ ላከኝ።»

ጥጋቡ ስለ ጨርጮ ሰምቶ አያውቅም። በሀያ ሁለት ዓመት ሥራው ይህ ቢያንስ በቀን አሥር ጊዜ ያጋጥመዋል፤ ሲያጋጥመውም ከስሙ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ይሰጣል፤ ሰውየውም አመስግኖ ይሄዳል። የሄደው ምን እንደደረሰበት ግን ተመልሶ የነገረው ሰው የለም። አሁን ከፊቱ የቆሙት አሮጊት ያለ ቂም ያዩታል፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«እማማ» አለ፤ «ጨርጮ የት እንደሆነ አላውቅም።»

ከኋላ ከተሰለፉት ሰዎች አንዱ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ጥጋቡ መስኮቱን ዘግቶ ወጣ፤ ከረጢታቸውን ተቀበላቸውና መናኸሪያውን አብረው ዞሩ። የጽዳት ሠራተኞችን ጠየቁ፣ ተሸካሚዎችን ጠየቁ፣ ጥበቃውን ጠየቁ። «ከወንዝ ማዶ ነው? ቡና ይበቅላል? ገበያው በምን ቀን ነው?» ይላል ጥጋቡ፤ አዛለች ይመልሳሉ፤ እሱ በእጁ ላይ ይጽፋል። ገበያው ሐሙስ ነው ሲሉ አንዲት ቆሎ ሻጭ ከተቀመጠችበት «የሐሙሱ ጨርጮ? የእህቴ ባል አገር!» ብላ ጮኸች። ቁጥሩ 4417 ነው። ጥጋቡ አሮጊቷን አሳፍሮ፣ አውቶቡሱ ቁጥሩን እስኪደግምለት ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ጠብቆ ሲመለስ፣ ሃምሳ ደቂቃ አልፎ ሰልፉ ከግቢው ወጥቷል። አለቃው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ጥጋቡ ወረቀቱን ቤት ወስዶ ለምዕራፍ አሳያት፤ እሷም ከልምድ የተነሣ ፈረመችበት።

የመጨረሻው ምዘና የኅዳር ሀያ ስምንት ቀን ሆነ። በጠረጴዛው ላይ አንድ የተዘጋ ሣጥን አለ።

«በሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አለ የመዛኙ ድምፅ።

ጥጋቡ ሣጥኑን አየ። «መነቅነቅ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

ነቀነቀው። ጆሮውን አስጠጋ፤ አዘነበለው። «ይንከባለላል። አንድ ነው፤ ሁለት ቢሆን ይጋጭ ነበር። መክፈትስ?»

«አይቻልም።»

«እንግዲያው የማውቀው እስከዚህ ነው።»

ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሄደ። ግን ሀያ ሁለት ዓመት በአሥር ሳምንት አይለቅም። ወደ ማብቂያው ላይ ድምፁ፣ ጥጋቡ ሰምቶት የማያውቀውን የአንድ መንደር ስም ጠርቶ «በየት በኩል ይኬዳል?» ሲለው፣ የጥጋቡ አፍ ከጥጋቡ ቀደመ፦ «በግራ ታጥፈው ሦስተኛው ፌርማታ።» ወዲያው እጁን አፉ ላይ አደረገ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ወይዘሮ ሐረገወይን ሦስቱንም ጠርተው አስቀመጧቸው። «አቶ ጥጋቡ፣ ሦስተኛ ክፍል። ምዕራፍ ቦታዋ ጸንቷል፤ አምስተኛ ክፍል።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ከዕድገት ሁለት ሦስተኛ ክፍል በአምስት ሳምንት የዘለለ ሰው እስካሁን አልነበረንም።»

እልፍነሽ የባሏን ጉልበት ጨበጠች። ጥጋቡ ግን ምዕራፍን ነበር የሚያየው። አምስተኛ ክፍል ማለት ስድስተኛን መተው ነው፤ በአሥር ሳምንት የለመደቻቸውን ጓደኞቿንና ትሏን መተው ነው። ዋናው ነገር ቦታው አልጠፋም ሊላት ይችል ነበር። ብዙ ጥሩ ጥሩ ነገር ሊላት ይችል ነበር።

«ከፋሽ?» አላት።

«አዎ» አለች ምዕራፍ፤ አለቀሰች። እስክትጨርስ ድረስ ወይዘሮ ሐረገወይን መስኮት መስኮቱን አዩ።

ሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ አብረው ገቡ። የአምስተኛ ክፍል በር የመስታወት ነው። ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይንጫጫሉ። ምዕራፍ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እነሱ ሁሉም ይተዋወቃሉ» አለች።

«አዎ።»

«አንተ በዓመቱ መሀል መዋዕለ ሕጻናት ስትገባ ምን አደረግክ?»

ጥጋቡ አሰበ። «በር ላይ ቆሜ ሁሉንም አየኋቸው። በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ግን ፈራኋቸው። ከዚያ ዳር ካለችው ልጅ አጠገብ ባዶ ፍራሽ ነበረ፤ ሰው አለበት ወይ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«የለበትም አለችኝ። ተኛሁ።»

ምዕራፍ ሳቋ አመለጣት፤ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና በሩን ገፍታ ገባች። የሦስተኛ ክፍል ደወል ተደወለ፤ ጥጋቡ አልሄደም። በመስታወቱ ያያታል። ልጅቷ በወንበሮቹ መሀል ሄደች፣ በአንዱ አጠገብ ቆመች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እዚያ የነበረችው ልጅ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሣችላት።